ቬትናሞቹና እኛ፦ በአንድ ዘመን ተሰደን ለምን በሁለት መንገድ ሄድን?

ባለፈው ቪዲዮአችን ላይ ስለ ኤደን ሴንተር ሁለት ደቂቃ ያህል አውርተን ስላለፍን፣ ብዙዎቻችሁ «እስኪ ዘርዘር አድርጋችሁ ጻፉልን» ብላችኋል። ይኸው ጽፈናል። ትንሽ ይረዝማልና ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

እኛ ካለንበት ከበርክ ተነስቶ፣ አናንዴልን አልፎ ሰቨን ኮርነርስ የደረሰ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አያልፍም። ትልቅ የመኪና ማቆሚያ አለ፣ ዙሪያውን መቶ ሃያ ገደማ ሱቅና ምግብ ቤት ተደርድሯል፣ ከላይ ሁለት ባንዲራ ይውለበለባል። አንዱ የአሜሪካ ነው። ሁለተኛው ቢጫ መደብ ላይ ሦስት ቀይ መስመር ያለበት የደቡብ ቬትናም ባንዲራ ነው። ያቺ አገር በ1975 ከካርታ ጠፍታለች። ባንዲራዋ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ይኖራል።

ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ይህ ጨዋታ ስንት ጊዜ እንደተነሳ አንቆጥረውም። «እነሱም ከኮሚኒስት ሸሽተው መጡ፣ እኛም ከኮሚኒስት ሸሽተን መጣን። እነሱ ከተማ ሠሩ፣ እኛ አሁንም ተራ እንጠብቃለን። ምንድነው ችግራችን?» ከዚያ መልሱ ቶሎ ይመጣል፦ «ሐበሻ አይስማማም፣ ሐበሻ ምቀኛ ነው»። በቃ፣ ፋይሉ ተዘጋ።

እኛ ይህን መልስ አንቀበለውም። ምቀኝነት የለም ለማለት አይደለም። ምቀኛ ቬትናምም ሞልቷል።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። ማይግሬሽን ፖሊሲ ኢንስቲትዩት የሚባለው የዋሽንግተን የጥናት ተቋም በ2014 ስለ ኢትዮጵያውያን ባወጣው ጽሑፍ፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ 36,000 ዶላር ነበር። የመላው አሜሪካ በዚያን ጊዜ 50,000 ነው። ፒው የተባለው ሌላው የጥናት ማዕከል ደግሞ የ2019ን መረጃ ይዞ የቬትናሞቹን 69,800 ዶላር ያደርገዋል። አንዳንድ ሰው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «እጥፍ በለጡን» ይላል። ይህ ስህተት ነው ወገን! በመሃል ብዙ ዓመት አለ፣ ደመወዙም ኪራዩም ጨምሯል። ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱን ከዚያው ዘመን አሜሪካዊ ጋር ማስተያየት ነው። እንዲያ ስናደርግ፣ አሜሪካዊው አንድ ዶላር ሲያገኝ ኢትዮጵያዊው 72 ሳንቲም ያገኝ ነበር። ቬትናሙ ከአገሩ መካከለኛ ገቢ ጋር እኩል ቆሟል፣ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ይላል። ከአሥር የቬትናም ቤተሰብ ከስድስት በላዩ በገዛ ቤቱ ይኖራል።

«የተማሩ ስለሆኑ ነው» እንዳትሉ። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ቬትናማዊ ከአጠቃላዩ አሜሪካዊ ጋር ተቀራራቢ ነው፣ እኛም እንደዚያው። እንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ ከዚያ አገር መጥተው ከሚኖሩት ከግማሽ በላይ በደንብ አይናገሩም። ከእኛ ይልቅ እነሱ ናቸው በቋንቋ የሚቸገሩት። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

አንደኛው አመጣጣችን ነው። ሳይጎን ሚያዝያ 1975 ወደቀች። በዚያው ዓመት ወደ 130,000 የሚጠጉ ሰዎች አሜሪካ ገቡ። ፕሬዚዳንት ፎርድ ግንቦት ላይ የፈረሙት ሕግ ለእነሱ ተብሎ የወጣ ነበር፣ ገንዘብም ተመደበላቸው። ደግሞ ሰው ነጠላውን አልመጣም፤ አያት፣ እናት፣ ልጅ፣ የአጎት ልጅ እየተያያዘ ገባ። በኋላም በጀልባ ያመለጡት፣ ከእስር የተፈቱት መኮንኖች፣ ከአሜሪካ ወታደር የተወለዱት ልጆች እያሉ በየተራው ሌላ በር ተከፈተላቸው።

እኛስ? ንጉሡ በ1974 ሲወርዱ እዚህ የነበሩት ተማሪዎች ባሉበት ቀሩ። ከቀይ ሽብር ያመለጠው በእግሩ ሱዳን ገባ፣ ካርቱም ላይ ዓመታት ቆጠረ። በር የተከፈተልን የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ ነው፤ እሱም በዓመት ጥቂት ሺህ ሰው፣ አብዛኛው ወጣት፣ አብዛኛው ብቻውን። ከዚያ የ1990ው ሕግ ዲቪ ሎተሪን አመጣ። ቬትናሞች ለዲቪ አይፈቀድላቸውም፣ ምክንያቱም በሌላ መንገድ የሚገባው ቁጥራቸው ብዙ ነው። ለእኛ ዲቪ ትልቅ በረከት ነው፤ ግን ምን ዓይነት ሰው ይዞ ይመጣል? አንድ ዕድለኛ፣ ቢበዛ ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር። እናት የለችም ልጅ የምትይዝ፣ አጎት የለም ዋስ የሚሆን። አንድ ቤት ውስጥ አራት ደሞዝ ሲገባና አንድ ደሞዝ ሲገባ የቤተሰቡ ገቢ እኩል ሊሆን አይችልም፤ አራቱ ሰዎች የሚሠሩት ሥራ ዝቅተኛ ቢሆንም እንኳ።

ሌላም አለ። ያ የ2014 ጽሑፍ ሲወጣ ከመጡት ኢትዮጵያውያን ከግማሽ በላዩ ከ2000 ወዲህ የገቡ ነበሩ። ስለዚህ ያወዳደርነው የአርባ ዓመት ነዋሪን ከአሥር ዓመት እንግዳ ጋር ነው። እኛ በ1985 የቬትናሞቹን ቤት ብናንኳኳ ኖሮ ምናልባት ራሳችንን እናገኝ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ፣ ይኼ የኛ የራሳችን ጉዳይ ነው።

በ1975 ቲፒ ሄድረን የምትባል የሆሊውድ ተዋናይ፣ ያቺ የሂችኮክ ፊልም ላይ ወፍ የሚያሳድዳት ማለት ነው፣ ካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ አጠገብ ያለ የስደተኞች ካምፕ ትሄድ ነበር። ሴቶቹ ጥፍሯን አይተው ሲደነቁ ጥፍር የምትሠራላትን ባለሙያ አምጥታ ሃያ ሴቶች አስተማረች። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ጥፍር ከሚሠሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ የቬትናም ዝርያ ያላቸው ናቸው። ከሃያ ሴት! እኛ ደግሞ ታክሲና ፓርኪንግ ያዝን። ሁለቱም ብዙ እንግሊዝኛ የማይጠይቅ፣ ዛሬ ጀምረህ ዛሬ የምትበላበት ሥራ ነው። ልዩነቱ ወዴት እንደሚያደርስ ነው።

ጥፍር የምትሠራው ሴት ደንበኛዋ የሷ ነው፣ በስሟ ጠርቶ ይመጣል። አምስት ዓመት ከሠራች በኋላ ከእህቷ ጋር ሆና ሱቅ ትከፍታለች፣ አዲስ ለመጣችው ዘመድ ወንበር ትሰጣለች። ወገኖቿ ደግሞ ማሰልጠኛውን ከፈቱ፣ ቀለሙንና ዕቃውን ማከፋፈል ያዙ፣ በራሳቸው ቋንቋ የሙያ መጽሔት አሳተሙ። ሲደክማት ሱቁን ትሸጣለች። የኬሚካሉ ሽታ ሳንባና ቆዳ ይጎዳል፣ ያንን አንደብቅም፤ ከአንገቷ ጎብጣ የኖረችበትን ዓመትም አንረሳም።

እኛ ታክሲ የምንነዳ ሰዎች ሃያ ዓመት ብንነዳ ደንበኛችን ማነው? ከዳለስ ወደ ሬስተን የወሰድነውን ሰው ዳግመኛ አናየውም። በሰሜን ቨርጂኒያ የታክሲውን ቁጥር የሚወስነው ካውንቲው ነው፣ ፈቃዱ በአብዛኛው የኩባንያ ነው፣ እኛ ሳምንታዊ ክፍያ እየከፈልን እንሠራለን። ዲሲ ውስጥ ሻል ይል ነበር፣ ብዙ ሰው የራሱን መኪና ይዞ ይሠራ ነበር፤ በ2008 ዞኑ ቀርቶ ሜትር ገባ፣ በ2011 መጨረሻ ደግሞ ኡበር መጣ። ያኔ ልንሸጠው የምንችለው ሱቅ አልነበረንም። ታክሲ ልጅ አስተምሯል፣ ቤት አስገዝቷል፣ አገር ቤት ያለ ቤተሰብ አኑሯል፣ አናሳንሰውም። ነገር ግን ሥራው አብሮን ያረጃል እንጂ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ለአዲስ መጪ ወንድማችን የምንሰጠው ወንበር የለንም፣ ያለን ምክር ብቻ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ «መንጃ ፈቃድ አውጣ» የሚል ነው።

ስለ ገንዘብ አሰባሰብ ደግሞ የሚገርም ነገር አለ። ቬትናሞች እቁብ አላቸው! እነሱ «ሁይ» ይሉታል። ሰብሳቢ አለው፣ በየወሩ ይዋጣል፣ ለአንዱ ይሰጣል። አንድ ነገር ላይ ግን ይለያል። የኛ እቁብ ዕጣ ነው፣ የወጣለት ይወስዳል። ሁይ ላይ በብዛት ጨረታ አለ፦ ገንዘቡን ዛሬ የሚፈልግ ሰው «ለእያንዳንዳችሁ ይህን ያህል ልተውላችሁ» ብሎ ይጫረታል፣ ብዙ የተወ ይወስዳል። ለመጨረሻው ወር የታገሠ ደግሞ ካዋጣው በላይ ይዞ ይወጣል። ተመልከቱ እንግዲህ፣ ሱቅ ሊከፍት የተዘጋጀ ሰው ወለድ ከፍሎ ቀድሞ ያገኛል፣ የማይቸኩል ሰው ደግሞ አበዳሪ ሆኖ ያተርፋል። በእኛ ዕጣው ምንም ያላሰበ ሰው እጅ ይገባና መኪና ይቀየርበታል። እርግጥ የኛም ነጋዴዎች ዕጣ ይሸጣሉ፣ ይለዋወጣሉ። ሁይም ይፈርሳል፤ ሰብሳቢዋ ይዛ ጠፋች ሲባል ስንት ቤተሰብ ተለያይቷል። የኛ እቁብ በማስተዛዘን ይበልጣል፣ የታመመ ሰው ሲኖር «ዕጣው ለሱ ይሁን» እንላለን። ለንግድ ግን የነሱ ይሻላል ብለን እናምናለን። የማትስማሙ ካላችሁ ከታች ጻፉልን።

ባንክ እምቢ ያለው ሰው እቁብ ብቻ ነው ያለው ማለት ግን አይደለም። አርሊንግተን ያለው ኢ.ሲ.ዲ.ሲ. በ1983 በዶክተር ፀሐዬ ተፈራ የተመሠረተ ነው። ዛሬ ከመላው ዓለም የመጡ ስደተኞችን ከሚያሰፍሩት ጥቂት ብሔራዊ ድርጅቶች አንዱ ሆኗል፣ ለአነስተኛ ንግድ የሚያበድር ክንፍም አለው። ስንቶቻችን በሩን አንኳኩተናል?

አሁን ደግሞ ትንሽ የሚያምመውን እናንሳ። ቬትናሙ አገሩን በአንድ ቀን አጣ። ሄሊኮፕተሩ ሲነሳ መመለሻ እንደሌለ ያውቃል፣ አሜሪካና ቬትናም ግንኙነታቸውን ያደሱት በ1995 ነው። እስከዚያ ሃያ ዓመት ቤቱን የገዛው እዚህ ነው። እኛ ግን ሻንጣችንን አልፈታንም። በ1991 ደርግ ወደቀ፣ «ልንገባ ነው» ተባለ። ሐምሌ 2018 ዶክተር ዐቢይ ዲሲ ሲመጡ አዳራሹ ሞልቶ ስንቱ አለቀሰ፣ ስንቱ አዲስ አበባ ቤት ልግዛ ብሎ ተነሳ። በ2020 ጦርነት ሆነ። በየጊዜው ያጠራቀምነው ገንዘብ እኛ ወደሌለንበት ቤት ሄዷል፣ ልጆቻችን ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ውስጥ ኪራይ እየከፈልን አደጉ። ለአገር ገንዘብ መላክ ጥፋት ነው አላልንም። እናት የሌለው ሰው ነው እንደዚያ የሚለው። ግን ሁለት ቦታ የሚኖር ሰው ግማሽ ግማሹን እንደሚኖር ቁጥሩ ይመሰክራል።

ባንዲራውም እንደዚያው ነው። ቬትናሞቹ የጠፋች አገር ባንዲራ ሥር ይሰበሰባሉ። የኛ አገር አለች፣ ባንዲራው ግን አንበሳ ያለበት፣ ኮከብ ያለበት፣ ልሙጥ እያልን አንድ አዳራሽ ውስጥ መቆም አቅቶናል። ቤተክርስቲያን ተከፍሏል፣ እድርም ተከፍሏል። እነሱም በመሃላቸው «ኮሚኒስት ነህ» እየተባባሉ ብዙ ተናክሰዋል፤ ሰፈሩን በሚመለከት ነገር ላይ ግን አብረው ይቆማሉ። በ2017 የበርክና የስፕሪንግፊልድ አካባቢ ሰው ለቨርጂኒያ ምክር ቤት የመረጣት ካቲ ትራን ሕፃን ሆና ከወላጆቿ ጋር በጀልባ ያመለጠች ናት። እኛ በ2021 የገዥው ምርጫ ላይ ድምፃችንን አሳይተናል፣ በባይደን የኢትዮጵያ ፖሊሲ ተቆጥተን ብዙዎቻችን ለያንግኪን ሰጠን፣ እሱም አሸነፈ። ድምፅ አለን ማለት ነው። ነገር ግን ያንን ድምፅ ለትምህርት ቤት፣ ለኪራይ፣ ለታክሲ ደንብ ስንሰበስበው አልታየም።

የሚበልጡንን ብቻ ቆጥረን እንዳናበቃ፣ ኤደን ሴንተርም የቬትናሞቹ ንብረት አይደለም። መሬቱና ሕንፃው የሌላ ሰው ነው፣ እነሱ ተከራይ ናቸው። መጀመሪያ የነበሩት አርሊንግተን፣ ክላረንደን ነው። ሜትሮ ሲሠራ መንገዱ ተቆፍሮ ኪራይ ረክሶ ነበርና ገቡበት፤ ባቡሩ በ1979 ሥራ ሲጀምር ኪራዩ ሰማይ ወጣ፣ ተነቅለው በ1984 ወደተከፈተው ወደ ኤደን ሴንተር ሄዱ። ይህ ታሪክ አልመሰላችሁም? እኛም ከአዳምስ ሞርጋን ወደ ዩ ስትሪት፣ ከዩ ስትሪት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ የመጣነው በዚያው መንገድ ነው። በ2005 ናይንዝ ስትሪትን «ሊትል ኢትዮጵያ» እናስብለው ሲባል የሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ተቃወሙ፣ «ከናንተ በፊት እኛ ነበርን» አሉ። እውነታቸውን ነው። ስሙን ስንከራከር ግን ኪራዩ ሁላችንንም እያስወጣ ነበር።

ፎልስ ቸርች ከተማ ለዚያ አካባቢ አዲስ የልማት እቅድ ሲያወጣ የቬትናም ወጣቶች ተደራጅተው የሽማግሌ ባለሱቆችን ታሪክ ሰብስበው፣ አስተርጓሚ ይዘው፣ ስብሰባው ላይ ቀረቡ። እንግሊዝኛ የማይችሉት አባቶቻቸው የፈሩትን ልጆቻቸው ተናገሩላቸው።

እኛም ይህን ጽሑፍ ከመጨረሳችን በፊት ስካይላይን አካባቢ ሱቅ ያለውን ወዳጃችንን «የኪራይ ውልህ መቼ ያልቃል?» ብለን ጠየቅነው። «የሚመጣው መስከረም» አለን። «ከዚያስ?» ስንለው ሚዛኑ ላይ ያለውን በርበሬ እያየ «እግዜር ያውቃል» አለ።