በፎሌ የተወረደ ቁልቁለት

ሰኞ ጠዋት ጋራዡን ስከፍት በር ላይ የሚጠብቀኝ ሞተር ብዙውን ጊዜ ቅዳሜና እሁድን ሩቅ መንገድ ውሎ የመጣ ነው። በቅርቡ የመጣው የአንድ ወጣት ደንበኛዬ ባለ 650 ሲሲ ሞተር ነበር። ደብረ ማርቆስ ደርሶ ተመልሷል። የጎን ሻንጣዎቹ እንኳ አልወረዱም።

«ጋሼ፣ የፊት ፍሬኑ ለስልሷል። ስጨብጠው እስከ መሪው ድረስ ይሄዳል» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ ዲስኩን አየሁት። ብረቱ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ቀለም ይዟል። የፍሬን ሸራዎቹን ስፈታቸው ደግሞ ፊታቸው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል።

«ዓባይን በስንተኛ ማርሽ ወረድክ?» ብዬ ጠየቅሁት።

ትንሽ ዝም አለና «በፎሌ ነው የወረድኩት። ጎሃ ጽዮን ላይ ቤንዚን አጣሁ፤ ደጀን እስክደርስ ልቆጥብ ብዬ» አለኝ።

ሞተር ስጠግን 17 ዓመት ሆነኝ። ከጉዞ የተመለሰ ሞተር እንዴት እንደተነዳ ባለቤቱ ሳይነግረኝም ከዕቃዎቹ ላይ አነበዋለሁ። ጎማው፣ ካቴናው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ሁሉም የየራሱን ይናገራል። ከሁሉም በላይ ሆዴን የሚያባባው ግን ሰማያዊ ዲስክ ነው። ያ ቀለም የሚመጣው ብረቱ ከልክ በላይ ሲግል ነው፤ የሚግለውም ሰውየው ቁልቁለቱን በሙሉ በፍሬን ብቻ ሲወርድ ነው። እዚህ ጋራዥ በሰላም ደርሶ መታየቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠርቼ አሳየሁት። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ በ20 ኪሎሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 1,400 ሜትር ይወረዳል። ሞተሩ፣ እሱና ጓዙ ተደምረው 300 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ያ ክብደት ያን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 12 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ ድረስ ሊያሞቅ ይችላል። የተወሰነውን ነፋሱ ይወስደዋል። ማርሽ ከገባ ብዙውን ኢንጅኑ ይሸከማል። በፎሌ ሲወረድ ግን ነፋሱ ያልወሰደው ሁሉ የሚያርፈው ሁለት ቀጫጭን ዲስኮችና አውራ ጣት በሚያህሉ ሸራዎች ላይ ነው።

ከዚያ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሙቀቱ ከሸራው ወደ ፒስተኑ፣ ከፒስተኑ ወደ ፍሬን ዘይቱ ያልፋል። አዲስ ዶት 4 ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ነገር ግን ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው፤ ውሃ የጠጣ ዘይት ደግሞ 155 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ በውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት እንደ ዘይት ግፊት አያስተላልፍም፤ ራሱ ይጨመቃል። እጀታው እስከ መሪው የሚሄደው ለዚህ ነው። ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ መልሶ ይጠነክራል፤ ሰውም «ድኗል» ብሎ ይተወዋል። አልዳነም። ዘይቱ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት፤ ሞተሩ ቆሞ ቢከርምም እንኳ።

ልጁን ይበልጥ ያሳዘነው ሌላው ነገር ነው። የእሱ ሞተር ካርቡሬተር የለውም፤ ነዳጅ የሚረጨው በኢንጀክሽን ነው። እንዲህ ዓይነት ሞተር ማርሽ ገብቶ ጋዙ ሲለቀቅ ጎማው ኢንጅኑን ስለሚያሽከረክረው ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋዋል። በፎሌ ሲሆን ግን ኢንጅኑ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ቤንዚን አባከነ፤ በላዩ ላይ ፍሬኑን አቃጠለ።

እኔ ራሴ የምወርደው ከድሮ የጭነት ሾፌሮች በሰማሁት ደንብ ነው፦ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ማርሹ የሚመረጠው አፋፉ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። ጋዝ ሲለቀቅ ፍጥነቱ ካልጨመረ ማርሹ ልክ ነው፤ ከጨመረ አንድ መቀነስ ያስፈልጋል። ፍሬን ከጥምዝዙ በፊት ጠንከር አድርጎ ለአጭር ጊዜ ይያዝና ይለቀቃል፤ የተለቀቀ ፍሬን ነፋስ ያገኛል። ለስላሳ ይዞ ለደቂቃዎች መጎተት ነው የሚገድለው። እጀታው መለስለስ ከጀመረ ከመንገዱ ወጣ ብሎ መቆምና ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። በጋለ ዲስክ ላይ ውሃ ማፍሰስ አይገባም፤ ብረቱ ይጣመማል። ዓባይ በረሃ ውስጥ አስፋልቱ በመሬት መንሸራተትና በከባድ ጭነት ብዙ ቦታ ተጣጥፏል። የጎማ ዱካ ያጎደጎደው ቦይ ውስጥ የገባ የፊት ጎማ በቀላሉ አይወጣም። በሁለት የጭነት መኪናዎች መሃል ሆኜ ደግሞ አልወርድም። የኋለኛው ፍሬን ምን ላይ እንዳለ የማውቅበት መንገድ የለኝም፤ ዳር ይዤ አሳልፈዋለሁ።

ከመነሳት በፊት የመንገዱን ሰላም ከዚያው መስመር ከሚመጡ ሾፌሮች መጠየቅ ግዴታ መሆኑን ሳልናገር አላልፍም።

ስለ ልብስ ሲጠይቁኝ የጋራዡን ግድግዳ አሳያለሁ። እዚያ የተሰቀለ የራሴ ሄልሜት አለ። ከዓመታት በፊት በክረምት ሰላሌ ሜዳ ላይ ከአስፋልት ወጥቼ ዋልካ ውስጥ ገባሁ። ዋልካ በደረቁ ድንጋይ ነው፤ ሲረጥብ ግን ጎማ ላይ እየተጠቀለለ ይወፍራል። የሞተሬ የፊት ፓራፋንጎ ለጎማው በጣም የቀረበ ነበር። ጭቃው በመሃላቸው ገብቶ ጎማውን ጥርቅም አድርጎ ያዘው፤ እኔም በመሪው ላይ አልፌ ወደቅሁ። የአንገቴ አጥንት ተሰበረ። ሄልሜቱ ከውጭ ሲታይ አንድ ጭረት ብቻ ነው ያለው። ውስጡን ግን ከፍቼ ስፖንጁን ሳወጣ፣ ከሥሩ ያለው ነጭ ፎም በአንድ በኩል ጣት የሚያስገባ ያህል ተጨፍልቋል። ሥራውን ሠርቷል። ያ ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ ተመልሶ አይነፋም፤ ሁለተኛ ጭንቅላት አያድንም። ያገለገለ ሄልሜት አትግዙ የምለው ለዚህ ነው። ቀለሙ የሚያምረው፣ በርካሽ የተገኘው ሄልሜት ከማን ጭንቅላት ላይ እንደወረደ ማን ያውቃል? አገጩ ሥር ማሰሪያውን ሳይቆልፍ የሚነዳ ሰው ደግሞ ሄልሜት አድርጓል አልልም፤ መጀመሪያ የሚበረው ሄልሜቱ ነው።

ጃኬት፣ ጓንትና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ የሚፈተኑት በብርዱ ሳይሆን በሙቀቱ ነው። ጎሃ ጽዮን ጠዋት ይበርዳል፤ ድልድዩ ጋ ሲደረስ ያቃጥላል። ብዙ ሰው እዚያ ጃኬቱን አውልቆ ከኋላ ያስረዋል፤ በጣም ጠመዝማዛ የሆነውን ዳገት በቲሸርት ይወጣል። ነፋስ የሚያስገባ መረብ ያለው ጃኬት ገዝቶ፣ ለብርዱ ከሥሩ ሹራብ መልበስ ይሻላል። ከሥር ያለው ሲወልቅ መከላከያው አብሮ አይወልቅም።

ጎማ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ጥርሱን ሁሉም ሰው ያያል፣ ዕድሜውን ግን የሚያይ ጥቂት ነው። በጎማው ጎን ዶት ከሚለው ጽሑፍ ተከትሎ በመጨረሻ አራት አሃዞች አሉ። 2319 ከሆነ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ በእኛ የ2011 ግንቦት ማለቂያ መሆኑ ነው። አዲስ ተብሎ የሚሸጥ ጎማ ሱቅ ውስጥ ስንት ክረምት እንዳሳለፈ ይኸው ይነግራል። የደረቀ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖም እርጥብ አስፋልት ላይ አይይዝም። ነፋሱ የሚለካው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ በቀዝቃዛው ነው።

ባለ ራጅ ቸርኬ ሞተር ካላማዳሪ አለው። በየከተማው ያለ ጎሚስታ ይለጥፈዋል፤ ግን የጭነት መኪና ጎማ የለመደ እጅ በመፍቻ ብረቱ ቆንጥጦ ሌላ ቀዳዳ እንዳይጨምርበት አጠገቡ መቆም ነው። ፊቱ ባለ 21 ኢንች የሆነ ሞተር ያለው ሰው ትርፍ ካላማዳሪውን ከአዲስ አበባ ይዞ ይውጣ። ያ ካላማዳሪ ቢቸግር በባለ 18 ኢንቹ የኋላ ጎማ ውስጥም ገብቶ ቀጣዩ ከተማ ድረስ ያደርሳል። ተቃራኒው አይሆንም።

ካቴና ከጉዞ በፊት ሲያጠብቁ የማያቸው ሰዎች ያስጨንቁኛል። ጓዝና ሰው ሲጫን የኋላው ዝቅ ይላል፤ ካቴናው ደግሞ በዚያው ይወጠራል። ባዶው ሞተር ላይ «ልክ» የሆነው፣ ተጭኖ ጉድጓድ ሲመታ እንደ ክራር ክር ይሆንና የማርሽ ሳጥኑን ኩሽኔታ ይበላል። የላላ ካቴና ያንኳኳል፣ ያስጠነቅቃል። የጠበቀ ካቴና ግን ምንም ሳይናገር ነው የሚያበላሸው። በብዙ ሞተሮች ከ30 እስከ 40 ሚሊሜትር መንቀሳቀስ አለበት፤ ትክክለኛው ቁጥር በሞተሩ መመሪያ ላይ ተጽፏል። የሚጸዳው በላምባ ነው፤ ቤንዚን በየመጋጠሚያው ያሉትን የጎማ ቀለበቶች ያደርቃቸዋል። ቅባቱን የምቀባው ጠዋት ስነሳ ሳይሆን ማታ ሆቴል ስደርስ ነው። ካቴናው ሞቅ እንዳለ ዘይቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሌሊቱንም ይረጋል። ጠዋት የተቀባ ቅባት በመጀመሪያው ኪሎሜትር ተረጭቶ ሱሪ ላይ ነው የሚያርፈው።

ካርቡሬተር ያላቸው ሞተሮች ሌላ ታሪክ አላቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ገደማ ይሳሳል። እዚህ ልኩ ተስተካክሎ የኖረ ካርቡሬተር ወደ አዋሽና አፋር ሲወርድ አየሩ ይበዛበታል፣ ነዳጁ ያንስበታል፣ ኢንጅኑ ይግላል። ካንዴላውን አውልቆ ማየት ይበቃል። ጫፉ የቡና መልክ ካለው ደህና ነው፣ ጥላሸት ከያዘ ነዳጅ በዝቷል፣ ከነጣ ነዳጅ አንሷል። ነጥቶ እያዩ በሙሉ ጋዝ መንዳት ፒስተን ማቅለጥ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር የሚሸጠውን ቤንዚን ያለ ምርጫ የሚገዛበት ቀን አለ። በጥቅጥቅ ጨርቅ ማጥለል ቆሻሻውን ያስቀራል፤ የተቀላቀለ ላምባን ግን አያስቀርም። መዳፍ ላይ ትንሽ አፍስሶ ማየት ነው፤ ቤንዚን ቶሎ ይተናል፣ ላምባ ቅባት ሆኖ ይቀራል።

በመሣሪያ ቦርሳ ውስጥ ሰው የዓለምን መፍቻ ሁሉ ይሸከማል። የሚያስፈልገው የራሱ ሞተር ብሎኖች ልክ ብቻ ነው፤ ይህን የሚያውቀው ደግሞ አንድ ቀን ግቢው ውስጥ በዚያው ቦርሳ ሁለቱንም ጎማ ራሱ ፈትቶ ከገጠመ ነው። ፒንሳ፣ ሽቦ፣ ናስትሮ፣ ፊውዝ፣ የካቴና መጋጠሚያ፣ ትርፍ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታ። ትርፍ የፍሪሲዮን ገመዱን ቦርሳ ውስጥ አላስቀምጠውም፤ ከነባሩ ጎን ለጎን ዘርግቼ በናስትሮ አስረዋለሁ። ሲበጠስ ጫፉን ብቻ መቀያየር ነው፤ ዝናብ ላይ ታንክ ማውረድ ቀረ።

ከጨለማ በኋላ አልነዳም፤ ደንበኞቼንም እለምናለሁ። በአገራችን መንገድ የተበላሸ መኪና ማስጠንቀቂያው የተደረደረ ድንጋይ ነው። መኪናው ተጠግኖ ይሄዳል፤ ድንጋዩ ግን እዚያው ያድራል። ለባለ አራት ጎማ ጎማ ማፈንዳት ነው፣ ለእኛ ሌላ ነገር ነው። በቀን ደግሞ ከብት አለ። ላሟ ተሻገረች ማለት መንገዱ ነጻ ሆነ ማለት አይደለም። ጥጃዋ ከኋላ ናት፣ ከጥጃዋ ኋላ ደግሞ እረኛው ሕፃን ይሮጣል። ዓይኔን ከተሻገረችው ላይ አንስቼ ወደመጣችበት ነው የማደርገው። የገበያ ቀን ከሆነ ጠዋትና አመሻሽ ላይ መንገዱ የእግረኛውና የአህያው ነው፤ 40 ኪሎሜትር በሰዓት ይበቃል።

የልጁን ዲስክና ሸራ ቀየርን። ዘይቱን ሳፈሰው ጥቁር ቡና ይመስል ነበር፤ ከተገዛ ጀምሮ ተቀይሮ አያውቅም። ከወር በኋላ ያንኑ መንገድ ሄዶ ተመለሰ። ሞተሩን ገና ሳያቆም ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ዲስኩ የብረት መልክ ነበረው። «በሁለተኛ ነው የወረድኩት ጋሼ፤ ሁለት ቦታ በአንደኛ» አለኝ። አሁን ደግሞ ባሌ መሄድ ይፈልጋል። ሳነቴን አቋርጦ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው አምባ ወደ ሐረና ደን በሚወርደው ጠመዝማዛ። እዚያ ሲሄድ የጎን ሻንጣዎቹን እንዲቀንስ ነግሬዋለሁ። ሐሙስ ያመጣውና ከነጓዙ ሚዛን ላይ አቁመን እናየዋለን።