አዲስ የተተከለ ኮረሪማ እስኪያፈራ ድረስ አርሶ አደሮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ኮረሪማ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢያቸው በሚገኙ ቡና አብቃይ ወረዳዎች በዛፍ ጥላ ሥር የሚለማ አገር በቀል ቅመም ነው። ይሁን እንጂ ተክሉ ለመጽናት ጊዜ የሚወስድ በመሆኑ፣ ፍሬ ሳያዩ ሁለትና ሦስት ክረምት ያሳለፉ አምራቾች ተስፋ ቆርጠው ሊነቅሉት ይችላሉ። በዚህ ደረጃ የተነቀለ ኮረሪማ የብዙ ጊዜ ድካምን ከንቱ ያስቀራል።

ለምን ይዘገያል?

ኮረሪማ የዝንጅብልና የእርድ ዘመድ ሲሆን፣ እንደ እነርሱ ከመሬት በታች በሚጋደም ግንድ ይራባል። ዝንጅብልና እርድ የሚፈለጉት ለዚሁ ግንዳቸው ስለሆነ በተተከሉ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ከኮረሪማ የሚፈለገው ግን ፍሬው ነው። ተክሉ ከማፍራቱ በፊት ሥር መስደድ፣ የመሬት ውስጥ ግንዱን ማስፋትና አዳዲስ ቀንበጦችን ማውጣት ይኖርበታል። በመሆኑም ፍሬ ለመስጠት በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል፤ ከግንድ ቁራጭ የተተከለው ከዘር ከበቀለው ቀድሞ ያፈራል። አንድ ጊዜ ከጸና በኋላ ግን በየዓመቱ መትከል ሳያስፈልግ ለረጅም ዓመታት ምርት ይሰጣል።

እስኪያፈራ ድረስ ምን ይደረግ?

• ጥላን መመጠን፦ ኮረሪማ ጠራራ ፀሐይ አይወድም፤ ጥላው እጅግ ሲበዛም እድገቱ ይዳከማል። የጥላ ዛፎችን ከመቁረጥ ይልቅ ቅርንጫፎቻቸውን ማሳሳት ይመረጣል።

• እርጥበትን መጠበቅ፦ በተክሉ ዙሪያ ደረቅ ቅጠል መጎዝጎዝ የአፈሩን እርጥበት ያቆያል። ውኃ የሚተኛበት ቦታ ግን ግንዱን ያበሰብሳል።

• አረምን በእጅ መንቀል፦ የኮረሪማ አበባ የሚወጣው ከቅጠላማው ግንድ ጫፍ ሳይሆን ከሥሩ፣ ከመሬት ተጠግቶ ነው። ስለዚህ ተክሉን አስጠግቶ በዶማ መኮትኮት አዲሱን ቀንበጥና አበባውን ይጎዳል።

• ከእንስሳት መከላከል፦ ለጋ ቀንበጦች እንዳይረገጡና እንዳይበሉ ማሳውን ማጠር ያስፈልጋል።

ተክሉ መሞቱ በምን ይታወቃል?

ቡቃያው ከዘገየ ከመንቀል በፊት አፈሩን ከጎን በጥንቃቄ ገለጥ አድርጎ መመልከት ይገባል። ግንዱ ጠንካራ ከሆነ ተክሉ ሕያው ነውና አፈሩን መልሶ መተው ይበቃል። ግንዱ ከላላ፣ ከጠቆረና መጥፎ ሽታ ካለው በስብሷል፤ ይህን ብቻ አንስቶ ከጤናማ ተክል በተወሰደ ቁራጭ መተካት ይቻላል።

ችግሩ በብዙ ተክሎች ላይ ከታየ ግን የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል። በቅመማ ቅመም ላይ ምርምር የሚያካሂደው የቴፒ ግብርና ምርምር ማዕከልም በአካባቢው ይገኛል። ኮረሪማውን በቡና ማሳ ውስጥ የተከሉ አርሶ አደሮች ደግሞ ተክሉ እስኪጸና ድረስ ከቡናው ገቢ እያገኙ መጠበቅ ይችላሉ።