ለአምቡሊ ባሕር ስንት ሊትር ቦርድ?

አምቡሊ ሲባል ለብዙ ኢትዮጵያዊ ቀድሞ የሚታወሰው አውሮፕላን ማረፊያው ነው። በአየር ወደ ጅቡቲ የሚገባ መንገደኛ እግሩ የሚያርፈው እዚያ ነው። ሰፈሩን ይዞ የሚወርደው ደረቅ ወንዝም አምቡሊ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ሆኖ ይከርምና ከላይ ከደጋው ዝናብ ሲወርድ በድንገት ይሞላል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ሚያዝያ ላይ የወረደው ጎርፍ የብዙ ሰው ሕይወት ቀጥፏል። የወንዙ መጨረሻ ባሕሩ ነው። ይህ ጽሑፍም የሚያወራው ስለዚያ ባሕር፣ ከላዩ ስለሚነፍሰው ነፋስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በላዩ ለመቆም የሚፈልግ ሰው ለሰውነቱ የሚስማማውን ተንሳፋፊ ቦርድ እንዴት እንደሚመርጥ ነው።

መጀመሪያ ባሕሩን እንወቅ። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ በሦስት ወገን በየብስ የታጠረ፣ አፉ ብቻ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ የተከፈተ ነው። ሰርፍ የሚጋልቡ ሰዎች የሚሹት ረጅምና ወፍራም የውቅያኖስ ሞገድ ወደዚህ ጓዳ እምብዛም አይዘልቅም። እዚህ ያለው ነፋስ የሚቀሰቅሰው አጭር ሞገድ ነው። ስለዚህ በሃዋይ ፎቶ ተማርኮ ቀጭን የሞገድ ቦርድ ገዝቶ የመጣ ሰው ተኝቶበት ሲንከላወስ ይውላል። ለዚህ ባሕር የሚስማማው ሸራ የሚተከልበት የዊንድሰርፍ ቦርድ፣ ቆመው በመቅዘፊያ የሚሄዱበት ሰፊ ቦርድ፣ ወይም በትልቅ ካይት የሚጎተቱበት ትንሽ ቦርድ ነው።

ሰው ቦርድ ሊገዛ ሲነሳ አስቀድሞ የሚጠይቀው ርዝመት ነው። «ቁመቴ ይህን ያህል ነው፤ ቦርዱስ ስንት ሜትር ይሁን?» ይላል። ጥያቄው ከመነሻው ተንሻፏል። ውሃ የሰውን ቁመት አያውቅም፤ የሚያውቀው ክብደቱን ነው። መልሱም በሜትር ሳይሆን በሊትር ነው የሚነገረው።

ነገሩን በእጅ መሞከር ይቻላል። ባዶ የ20 ሊትር ጄሪካን ክዳኑን አጥብቀው ውሃ ውስጥ ለመድፈቅ ይሞክሩ። እጅዎን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 20 ኪሎ ገደማ ነው፤ ጄሪካኑ ከቦታው ያፈናቀለው ውሃ ክብደት ማለት ነው። አርኪሜዲስ ከ2,200 ዓመት በፊት የደረሰበት ሕግ ይኸው ነው። 160 ሊትር የሚባል ቦርድም የስምንት ጄሪካን ያህል የመሸከም አቅም አለው። የተጻፈበት ሊትር ቦርዱ በጠቅላላ ውሃ ውስጥ ቢገባ የሚያፈናቅለውን ውሃ የሚነግር ቁጥር ነው።

እንግዲህ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንውሰድ። የጀማሪ ዊንድሰርፍ ቦርድ ራሱ 13 ኪሎ፣ ሸራው ከነምሰሶው 8 ኪሎ ቢመዝን ጠቅላላ ሸክሙ 91 ኪሎ ይሆናል። 160 ሊትር ቦርድ በባሕር ውሃ ላይ 164 ኪሎ ይሸከማል። 73 ኪሎ ትርፍ አለ ማለት ነው፤ ጀማሪው ቢንገዳገድ፣ ወደ አንድ ጎን ቢያጋድል፣ ሸራውን ከውሃ ለማንሳት ቢጎነበስ ቦርዱ ይታገሠዋል። ያው ሰው 110 ሊትር ላይ ቢወጣ የሚተርፈው ከ30 ኪሎ ያነሰ ነው፤ ይንሳፈፋል፣ ግን እያንዳንዷ ስሕተት ውሃ ውስጥ ትጥለዋለች። 80 ሊትር ላይ ቢቆምማ ቦርዱ ከእግሩ ሥር ይሰምጣል። የሚነሳው ነፋሱ ራሱ ሸራውን ይዞ ከውሃ ሲያወጣው ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። ለዚህም ነው ለጀማሪ በኪሎው ላይ ከ80 እስከ 100 ሊትር እንዲጨምር የሚመከረው። ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይረጋል።

ሰፊ ቦርድ መያዝ የሚያሳፍራቸው ወጣቶች አሉ፤ ጎበዝ የሚመስለው ትንሿን የያዘው ነው ብለው ያስባሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ትንሽ ቦርድ ችሎታን አያመጣም፤ ችሎታ ሲመጣ ነው ቦርዱ የሚያንሰው። በትልቅ ቦርድ ላይ አንድ ከሰዓት የቆመ ሰው፣ በትንሽ ቦርድ አንድ ሳምንት ከወደቀው የበለጠ ይማራል።

ውሃውም ራሱ ይለያያል። 100 ሊትር ቦርድ ጣና ላይ የሚሸከመው 100 ኪሎ ነው፤ ጨው የሌለው ውሃ አንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ ስለሆነ። አምቡሊ ባሕር ላይ ጨው ስላለ 102 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ወርዶ የተኛው፣ ከባሕሩ አሥር እጥፍ ጨዋማ የሆነው የአሳል ሐይቅ ላይ ደግሞ ያው ቦርድ 120 ኪሎ ገደማ ይችላል። እዚያ ሰው ያለ ምንም ቦርድ በጀርባው ተኝቶ ይንሳፈፋል።

ወደ እውነተኛው የሞገድ ሰርፍ ስንመጣ ሒሳቡ ይቀየራል። በድሮዋ ሃዋይ ኦሎ የሚባለው ከአምስት ሜትር የሚበልጥ የእንጨት ቦርድ የመሳፍንቱ ነበረ፤ አጭሩ አላያ የሌላውም ሰው ነበረ። ዛሬ ጨዋታው በቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክ ውስጥ የገባ ስፖርት ሲሆን ተወዳዳሪዎቹ የሚይዙት ቦርድ በሊትር ሲለካ ከክብደታቸው ሲሶ ብዙም አይበልጥም። 70 ኪሎ የሚመዝን ጀማሪ 70 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል፤ ሞገድ መያዝ የለመደ 35 ወይም 40 ሊትር ይበቃዋል፤ በጣም የላቀው 25 ሊትር ላይ ይጋልባል። 25 ሊትር 70 ኪሎ እንዴት ይሸከማል ቢሉ፣ አይሸከምም። ጋላቢው ቦርዱ ላይ ተቀምጦ ሞገድ ሲጠብቅ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ነው። ሞገዱ ገፍቶት ሲፈጥን ግን ውሃው ከቦርዱ ሆድ ሥር እየተገፋ ወደ ላይ ያነሳዋል። ጀማሪው ይህን ፍጥነት ገና ስላላገኘ ያጣውን በሊትር መካስ አለበት። ዕድሜው የገፋ፣ ክንዱ የደከመ፣ በዓመት አንዴ ብቻ ውሃ የሚያይ ሰውም እንዲሁ ጥቂት ሊትር መጨመር አለበት።

በሰርፍ ቦርዶች ሆድ ላይ፣ በመሐሉ በሚያልፈው የእንጨት ዘንግ አጠገብ፣ ርዝመትና ወርድ፣ ውፍረትም በጫማና በኢንች ተጽፎ ይገኛል፤ በአዳዲሶቹ ላይ መጨረሻው ሊትሩ ነው። ሊትሩ እኩል የሆነ ሁለት ቦርድ አንድ ነው ማለት ግን አይደለም። አንደኛው ጠባብና ወፍራም፣ ሌላው ሰፊና ስስ ሊሆን ይችላል፤ ለጀማሪ ሁልጊዜ ሰፊው ይሻላል።

በካይት ለሚጎተት ሰው ሊትር ብዙ ጉዳይ የለውም። እሱን የሚሸከመው በአየር ላይ ያለው ጨርቅ ነው፤ ስለዚህ የሚመርጠው የካይቱን ስፋት ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በመካከለኛ ነፋስ 12 ካሬ ሜትር አካባቢ የተለመደ ነው፤ ነፋሱ ሲበረታ ካይቱ ያንሳል።

ቦርዱ ከተገዛ በኋላ ያለው አያያዝ በተለይ ለእኛ አገር ሰው መታወቅ አለበት። የአብዛኛው ዊንድሰርፍ ቦርድ ውስጥ አረፋ ፕላስቲክ ነው፤ አረፋው አየር ይዟል። በጅቡቲ ሞቃት ወራት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ፀሐይ ላይ የተተወ ቦርድ ያ አየር አብጦ ቆዳውን ሊያላቅቀው ይችላል። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ 2,300 ሜትር ከፍታ ወዳለችው አዲስ አበባ ቢወሰድም፣ በአውሮፕላን ቢጫንም እንዲሁ ነው። ለዚህ ሲባል ከላዩ ትንሽ የአየር ብሎን አለች። ከጉዞ በፊት ትላላለች፤ ውሃ ከመግባቱ በፊት ደግሞ የግድ ትጠብቃለች። ብሎኗ ተረስታ ወይም ቆዳው ተሰንጥቆ ውሃ ከገባ አረፋው ይጠጣል፤ 13 ኪሎ የነበረው ቦርድ ይከብዳል፣ የተጻፈበት ሊትርም ከእውነቱ ይርቃል። የጣና ታንኳ ሠሪዎች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ከሥራ መልስ ወደ ዳር ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ዕድሜውም በወራት ነው የሚቆጠረው። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ራ የተባለችውን ጀልባ በጣና ደንገል አሠርቶ ውቅያኖስ ለማቋረጥ ሲሞክር፣ ጉዞው ሳያልቅ ኋላዋ ውሃ እየጠጣ ሰጥሞ ሊተዋት ተገድዷል።

በከተማው ዳርቻ ባሕሩ ሲጎድል ውሃው ራቅ ብሎ ይሸሽና ደለሉ ይገለጣል። ከቦርዱ ሥር የተተከለችው ክንፍ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ስለምትረዝም ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ መሬት ለመሬት ትጎተታለች፤ በፍጥነት ላይ ከመሬት ጋር ብትጋጭ ጋላቢውን በግንባሩ ትጥለዋለች። የሙላትና የጉድለቱን ሰዓት ሳይጠይቁ መውጣት አይገባም።

ነፋሱም ወራት አለው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ከምሥራቅ፣ ከባሕሩ ወገን ይነፍሳል፤ አቅም ያጣን ሰው ወደ ዳር ይገፋዋል። ለጀማሪ ይህ ወቅት ነው የሚስማማው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የሚበረታው ካምሲን ደግሞ ከየብስ የሚመጣ ሞቃትና ደረቅ ነፋስ ነው፤ ሸራውን የጣለን ሰው ወደ ባሕረ ሰላጤው መሐል ይዞት ይሄዳል፤ በምንም ያህል ሊትር ቦርድ ላይ ቢሆን ተመልሶ መቅዘፍ አይቻልም። ካምሲን በሚነፍስበት ቀን አይውጡ። ከቦርድዎ ጋር የሚያስተሳስርዎትን ገመድ ሳያስሩ፣ ከዳር ሆኖ የሚያይዎት ሰው ሳያቆሙ አይግቡ። ዋና የማይችሉ ከሆነ ደግሞ ቦርዱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ዋና ይማሩ።