አንጎል በሩን ለማን ይከፍታል?

የፓርኪንሰን ሕሙማን ያሉባቸውን ቤተሰቦች ግራ የሚያጋባ አንድ ነገር አለ። ጠዋት በባዶ ሆድ የተወሰደው ክኒን የእጅን መንቀጥቀጥ ያስታግሣል፤ የታሰረውን እርምጃም ይፈታል። ያው ክኒን ከምሳ ጋር ሲወሰድ ግን እንዳልተዋጠ የሚኾንበት ጊዜ አለ። ቤተሰቡ ሕመሙ ጠናባቸው ብሎ ይሰጋል፤ አለዚያም መድኃኒቱን ይጠራጠራል። ምክንያቱ ግን ገበታው ላይ ሊኾን ይችላል፤ ክኒኑና ምግቡ አንድ በር ይሻማሉና።

በሩ የሚገኘው አንጎልን ከደም በሚለየው ቅጥር ላይ ነው። የዚህን ቅጥር መኖር በቅድሚያ ያመላከተው ቀለም ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ፖል ኤርሊክ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ በእንስሳት ደም ውስጥ ቀለም ሲጨምር ሌላው አካል ተቀለመ፤ አንጎል ግን እንደነበረ ቀረ። ተማሪው ኤድዊን ጎልድማን እ.ኤ.አ. በ1913 ቀለሙን አንጎልን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ሲያደርገው ደግሞ ተቃራኒው ኾነ።

የቅጥሩ ምሥጢር ያለው በአንጎል እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ላይ ነው። የእነዚህን ሥሮች ግድግዳ የሚሠሩት ሕዋሳት በአብዛኛው የሰውነት ክፍል በመካከላቸው ክፍተት ይተዋሉ፤ በአንጎል ውስጥ ግን እርስ በርስ ጥብቅ ኾነው የተሰፉ ናቸው። ኦክስጅንና አልኮል በሕዋሳቱ ሽፋን ሰርገው ያልፋሉ። ፕሮቲን ሲፈጭ የሚገኙት አሚኖ አሲዶች ግን ተሸካሚ ያሻቸዋል።

ከተሸካሚዎቹ ዋነኛው ኤል ኤ ቲ 1 ይባላል። ሊዩሲን፣ ፌኒልአላኒን፣ ታይሮሲን፣ ትሪፕቶፋንና መሰሎቻቸውን ከደም ተቀብሎ ያሻግራል። በጣና ዳርቻ ሰው እንደሚያሻግር ታንኳ ነው፤ ቦታው ውስን ነው፣ በወትሮው ጊዜ እንኳ ሊሞላ የተቃረበ ነው። አንዱ ሲበዛ የሌላው ተራ ይዘገያል።

በፓርኪንሰን ሕመም የሚጎድለው ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ዶፓሚን በቀጥታ ቢሰጥ ቅጥሩን አያልፍም። ዶፓሚን የሚሠራበት ሌቮዶፓ ግን ራሱ አሚኖ አሲድ በመኾኑ በኤል ኤ ቲ 1 ይሻገራል፤ ከገባ በኋላም ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን መንቀሳቀስ የተሳናቸውን ጥንቸሎች በሌቮዶፓ ዳግም እንዲንቀሳቀሱ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1957 ነበር። በክኒኑ ውስጥ አብሮ የሚገኘው ካርቢዶፓ ሌቮዶፓው ገና ከቅጥሩ ውጭ ሳለ እንዳይለወጥ ይከላከላል፤ ካርቢዶፓ ራሱ ወደ አንጎል አለመግባቱ እዚህ ላይ በጎ ነገር ነው።

ሥጋ፣ እንቁላል፣ ሽሮ ወይም ምስር በብዛት ከተበላ በኋላ ደሙ በአሚኖ አሲድ ይሞላል፤ ሌቮዶፓም ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ ክኒኑን ከምግብ 30 ደቂቃ ያህል በፊት ወይም ቢያንስ አንድ ሰዓት በኋላ መውሰድ ይመከራል። ፕሮቲንን ጨርሶ መተው ግን አቅም ያሳጣልና ስሕተት ነው። የሰዓትም ኾነ የመጠን ለውጥ የሚደረገው ከሐኪም ጋር በመመካከር ነው።

ሽሮ ከተነሣ፣ ሽሮው ከጓያ የተዘጋጀ ሊኾን እንደሚችል ማንሣት ግድ ይላል። በጓያ ውስጥ ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድ አለ። አንጎል መልእክት የሚያስተላልፍበትን ግሉታሜት ስለሚመስል የነርቭ ሕዋሳት ይሳሳቱበታል፤ ከልክ በላይ ተነቃቅተውም ይጎዳሉ። ወደ አንጎል የሚዘልቀው ጥቂቱ ብቻ ነው። ድርቅ ገብቶ ሌላው እህል ሲጠፋና ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲኾን ግን ያ ጥቂት ይበቃል፤ እግር ይሰለላል፣ አይመለስምም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በወሎ ደላንታና ዳውንት የደረሰው ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ የተደረገ ጥናት አደጋው በእሸቱ፣ በንፍሮውና በቆሎው እንደሚከፋ አሳይቷል። ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል አደጋውን ይቀንሳል። ኦዳፕ በውኃ ስለሚሟሟ ጓያን ዘፍዝፎ ማሳደርም ይጠቅማል፤ የተዘፈዘፈበት ውኃ ግን ይደፋል እንጂ ለወጥ አይውልም።