የጥናት ጽሑፍ አወቃቀር፦ ከደርስ ልማዳችን አንጻር

በወልቂጤና በቡታጅራ በደርስና በዩኒቨርሲቲ መካከል የሚመላለሱ ደረሶች የሚያቀርቡልን የጥናት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ኹጥባ ወይም የከራማ ታሪኮች ስብስብ ሆኖ እናገኘዋለን። ዕውቀቱ አለ፤ የጎደለው ጥያቄው ነው።

«የአብሬት ሐድራ ታሪክ» ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «በአብሬት ሐድራ የሚባለው መንዙማ ኪታብ ያልቀራውን ሕዝብ ዲኑን በምን መንገድ አስተማረ?» ብንል ግን መልስ የሚሻ ጥያቄ ይሆናል። መግቢያው ጥያቄውንና የጸሐፊውን መልስ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ነጥብ ከነማስረጃው ይይዛል፤ ተቃራኒው ሐሳብ በአማና ቀርቦ ይመረመራል፤ መደምደሚያው ማስረጃው ከሚፈቅደው አያልፍም።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ676 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢማም አን-ነወዊ በሚንሃጅ መግቢያ ቃላቸውን አስቀድመው ይለያሉ፦ «አል-አዝሀር» ሲሉ ምርጫው ከኢማም አሽ-ሻፊዒይ ቃሎች መካከል፣ «አል-አሰሕ» ሲሉ ከመዝሀቡ ዑለማዎች አስተያየቶች መካከል መሆኑን ያሳውቁናል። አንባቢው የማንን ቃል እንደሚያነብ ያውቃል።

ደረሶቻችንም ከሽማግሌ የሰሙትን፣ ከኪታብ ያገኙትንና የራሳቸውን ግምት እንዲለዩ እናስተምራቸው። ካልለዩ ነገ ጽሑፉን የሚያነብ ሰው የሸይኹን ቃል ከደረሳው ግምት መለየት ይሳነዋል፤ የሚጠየቁት ሽማግሌ ደግሞ ያን ጊዜ በሕይወት ላይኖሩ ይችላሉ። ወላሁ አዕለም።