ጎተራ የገባውን እህል ማን ይበላዋል? ከእናቶቻችን አመድ እስከ ናኖ ቅንጣት

ስለ አገራችን ረሀብ በተነሣ ቁጥር የምንከራከረው ስለ ዝናብ፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋና ስለ መሬት ፖሊሲ ነው። ተገቢ ነው። ሆኖም በየዓመቱ ስለተመረተው ኩንታል የሚነገረንን ያህል ጎተራ ውስጥ ስለጠፋው አይነገረንም። ይህ ጸሐፊ አገር ቤት ያስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቹን ይዞ ገጠር ወጥቶ ሳለ አንድ ገበሬ ከጎተራው በቆሎ ዘግነው አሳዩት። ፍሬው ሲያዩት ሙሉ ነው፤ በጣት ሲጫኑት ግን ዱቄት ሆነ። «ይኸውልዎ መምህር፣ እኛ አረስን፣ እሱ በላ» አሉ።

«እሱ» ያሉት ነቀዝን ነው። እንስቷ የበቆሎ ነቀዝ ፍሬውን በስታ እንቁላል ትጥልበታለች፤ ቀዳዳውንም መልሳ ትደፍነዋለች። እጩ ውስጥ ለውስጥ እየበላ ያድግና፣ አየሩ ሞቃት ከሆነ ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ፍሬውን ቀዶ ይወጣል። ስለዚህ ነቀዝ ታየ በተባለ ቀን ጉዳቱ ቀድሞ ደርሷል። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ ከዚህ ጣጣ ያመለጠ ነው፤ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ስንዴና ጥራጥሬ ግን አላመለጡም።

ኪሳራው በኪሎ ብቻ አይለካም። ነቀዝን የፈራ ገበሬ እንደወቃ ይሸጣል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲሸጥ ዋጋ ይወድቃል። ክረምት ሲገባ ያንኑ እህል ከነጋዴ በውድ መልሶ ይገዛል።

መድኃኒቱስ? በሰፊው የሚሠራበት አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። በታሸገ መጋዘን፣ በሠለጠነ ሰው እጅ ጥሩ መሣሪያ ነው። ጎተራውና መኝታው አንድ ጣሪያ ሥር በሆኑበት ቤት ግን ሰው ይገድላል፤ ማርከሻም የለውም። ጋዙ በሚያሾልክ ጎተራ ደግሞ ጠንካሮቹ ነቀዞች ይተርፉና መድኃኒቱን የተላመደ ዘር ይተካሉ።

ሳይንስ ወደ ዕፅዋት ዘይት ፊቱን የመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ዘይቱ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው እንደ ጥጥ ፍሬ ዘይት ያለው የምግብ ዘይት ነው። በአንድ ኪሎ ጥራጥሬ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ሲታሽበት የነቀዙን እንቁላል አየር ያሳጣዋል። ይህ ለጥራጥሬ የሚበጀው የጥራጥሬ ነቀዝ እንቁላሉን ከፍሬው ውጭ ስለሚለጥፍ ነው። ሁለተኛው መዓዛማው ዘይት ነው። በባሕር ዛፍ ቅጠል ውስጥ ያለው ሲኒዮል በትነት የነፍሳትን የነርቭ ሥርዓት ያጠቃል። የኒም ፍሬ ዘይት ደግሞ አዛዲራክቲን በተባለው ንጥረ ነገር የነፍሳቱን አመጋገብና ዕድገት ያውካል።

ችግሩ መዓዛማው ዘይት ቶሎ ተንኖ መጥፋቱ ነው። ናኖ ቴክኖሎጂ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አንድ ናኖ ሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ዘይቱ በዚህ መለኪያ ወደሚቆጠሩ ጠብታዎች ሲከፋፈል ወይም በደቃቅ ሽፋን ሲታሸግ ቀስ በቀስ ስለሚለቀቅ፣ በጥቂት መጠን ረዥም ጊዜ ይሠራል።

ሌላው መንገድ መርዝ ሳይሆን ዱቄት ነው። የነቀዝ አካል ውኃው እንዳይተን የሚጠብቅ የሰም ሽፋን አለው። የሲሊካ ቅንጣት ያንን ሰም መጥጦ ሲያነሣው ነፍሳቱ ደርቆ ይሞታል። በአርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ2010 በናኖ አሉሚና፣ በሕንድ በ2011 በናኖ ሲሊካ የታተሙ ጥናቶች ውጤቱን አሳይተዋል። የእናቶቻችን አመድም በከፊል የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው! ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የአዋሽ መልካሳ አሉሚኒየም ሰልፌት ፋብሪካ የሚጥለውን ሲሊካ የበዛበት ዝቃጭ ከእንጨት አመድ ጋር በበቆሎ ነቀዝ ላይ ፈትነው ውጤቱን በ2008 አሳትመዋል። ዝቃጩ የናኖ ቅንጣት አይደለም፤ ዋናው ሐሳብ ግን አንድ ነው።

ይሁንና «ናኖ» ስለተባለ ብቻ አንፈንድቅ። ደቃቅ ብናኝ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ከእህሉ ጋርም ሊበላ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን ከምግብ ጭማሪነት ያገደው በ2022 ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የናኖ መጠን ያላቸው ቅንጣቶቹ ያስነሡት ሥጋት ነበር። ስለዚህ የናኖው ዘዴ ጎተራ ከመግባቱ በፊት ብዙ ፍተሻ ይጠብቀዋል።

እስከዚያው እጃችን ላይ ያለ መፍትሔ አለ። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች በ1980ዎቹ መጨረሻ በካሜሩን የጀመሩት ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት (ፒክስ) አየር አያስገባም፤ ነቀዙ ውስጥ ያለችውን ኦክስጅን ጨርሶ መብላትና መራባት ያቆማል። ያለ ምንም ኬሚካል! እህሉ በደንብ መድረቁና ከረጢቱ አለመቀደዱ ብቻ ነው ቁም ነገሩ።

ወገኖቼ፣ ለዘመድ ገንዘብ ስንልክ «ለምግብ ይሁንህ» እንላለን። በሚቀጥለው ጊዜ ስንደውል «እህሉን በምን አስቀመጣችሁት?» ብለን እንጠይቅ፤ ክኒን መኝታ ቤት ውስጥ ካለ እንዲወጣ እንምከር፤ የከረጢት ዋጋም ጨመር እናድርግ። ጥናት ከመጽሔት ገጽ ወርዶ ገበሬው ደጃፍ ካልደረሰ፣ የሚጠግበው ነቀዝ ብቻ ነው።

ቸር ይግጠመን።