የአያት ድምፅ በቁጥር፦ ካሴት ወደ ኮምፒውተር እንዴት ይገባል?

ለቡም ሆነ ጀሞ ወይም መካኒሳ፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ አቧራ የጠጣ የካሴት ካርቶን ያለበት ቤት ብዙ ነው። ቢፈተሽ ከዘፈኖቹ መሀል በእጅ የተጻፈባቸው አንድ ሁለት ይገኛሉ፦ የሠርግ ቅጂ፣ ከውጭ ሀገር በሰው እጅ የተላከ የድምፅ ደብዳቤ፣ የአያት ምርቃት። ዘፈን ቢጠፋ ሌላ ሰው ጋ ሊገኝ ይችላል። የኃይሉ መርጊያ ካሴት እንዲህ ነው የተረፈው። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ የቀረጸውን አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አገኘውና በ2013 እንደገና ለዓለም ታተመ። የአያታችሁ ምርቃት ግን ሌላ ቅጂ የለውም።

ታዲያ ካሴቱ ላይ ያለው ምንድን ነው? ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ክር ላይ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ተቀብቷል። ክሩ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እየተጓዘ በቴፑ ሄድ ፊት ሲያልፍ፣ ዱቄቱ ላይ ያለው ማግኔት ልክ እንደ ድምፁ ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። መሀሉ ላይ መቆራረጥ የለም። አናሎግ የምንለው ይሄንን ነው። (የክፍለ ከተማውን ስም ልብ ብላችሁታል? “ንፋስ ስልክ” ድሮ ገመድ አልባ መገናኛ የሚጠራበት ቃል ነበር።)

ኮምፒውተር ደግሞ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ በቴፑና በኮምፒውተሩ መሀል መቀየሪያ ይገባል፤ ሱቅ ውስጥ ሳውንድ ካርድ ወይም ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይሉታል። ሥራው መለካት ነው፦ የኤሌክትሪኩን ከፍታ በሰከንድ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ እየለካ ይጽፋል።

“በሁለት ልኬት መሀል ያለው ድምፅ የት ይገባል?” ትሉ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ዲጂታል ድምፅ እንደ ደረጃ የተሰባበረ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1928 ሃሪ ናይክዊስት፣ በ1949 ደግሞ ክሎድ ሻነን ያሳዩት ነገር ግን ይገርማል፦ ድምፁ ውስጥ ካለው ፈጣን ርግብግቢት ከእጥፍ በላይ ከለካችሁ፣ በልኬቶቹ መሀል ማለፍ የሚችለው ሞገድ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በመሀል የጠፋ ነገር የለም። የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ በሰከንድ እስከ 20,000 ርግብግቢት ነው፤ 44,100 ይበቃዋል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለውን መቀየሪያው አስቀድሞ አጣርቶ ያስቀራል። ባያስቀር ጉድ ይፈላል፦ ፊልም ላይ የመኪና ጎማ ወደ ኋላ የሚዞር እንደሚመስለው ሁሉ፣ ፈጣኑ ድምፅ ሌላ ዝቅ ያለ ድምፅ መስሎ ይቀረጻል።

ሁለተኛው ጥያቄ እያንዳንዱ ልኬት ምን ያህል ረቂቅ ነው የሚለው ነው። በ16 ቢት 65,536 ደረጃዎች አሉ፤ በ24 ቢት ከ16 ሚሊዮን በላይ። የካሴቱ የራሱ “ሽሽሽ” ከ16 ቢት ትንሿ ደረጃ ይበልጣል፤ 24 ለምን አስፈለገ ታዲያ? ዝቅ አድርጎ ለመቅዳት ነው። 1 ሜትር ተኩል ብቻ የሚለካ ሜትር የያዘ ልብስ ሰፊ፣ ከዚያ የረዘመውን ሁሉ “150” እያለ ቢጽፍ አስቡት። መቀየሪያውም ድምፁ ከጣሪያው ሲያልፍ እንዲሁ ያደርጋል። ሞገዱ አናቱ ይቆረጣል፣ ድምፁ ይሻክራል፤ የተቆረጠው ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ከፍተኛው ድምፅ −12 ዴሲቤል አካባቢ ሲደርስ በቃ፣ ቮልዩሙን እዚያው ተዉት። የምታጡት 2 ቢት ያህል ነው፤ ከ24ቱ ምንም አይደል።

መቀየሪያው ያልተነበበውን አይለካም። የቆሸሸ ሄድ ድምፁን ያፍናል፤ በአልኮል በራሰ ጥጥ ጥረጉት። የላላ ጎማ ፍጥነቱን ይለዋውጠዋል፣ አያት ሰክረው የሚያወሩ ይመስላል። ከላይ ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ምላሶች ስበሩ፤ ያኔ በስህተት የመቅጃውን ቁልፍ ብትጫኑ እንኳ አይጠፋም። “ሁምምም” የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ብዙውን ጊዜ የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው፤ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ሞክሩ። ገመዱን ደግሞ የማይክ ቀዳዳ ላይ አትሰኩት። ያ ቀዳዳ ለደካማ ድምፅ ስለተሠራ ቴፑ ያጥለቀልቀዋል፤ ላይን ኢን የሚለውን ተጠቀሙ።

የ60 ደቂቃ ካሴት በ48,000 እና በ24 ቢት 1 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ዋቭ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ኤምፒ3 ጆሮ አይሰማውም ብሎ የገመተውን ይጥላል፤ በቴሌግራም ለመላክ ጥሩ ነው፣ ለማስቀመጥ ግን አይሆንም።

አቋራጭ የለውም፤ 60 ደቂቃው 60 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ እናታችሁን ወይም አጎታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና አብራችሁ አዳምጡ። ማን እየተናገረ እንደሆነ፣ ከኋላ የሚስቀው ማን እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ፋይሉ ግን ይህን አይነግራችሁም። የምታገኙትን ስም ከፋይሉ ጋር ጻፉ። ዓመቱንም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግለጹ፤ ካሴቱ ጀርባ ላይ “1985” ብቻ ከተጻፈ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለው።